ባለ ክርኗ ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች

ስሙኝማ! ማስክ ለካ ከኮሮና እንጂ ከውርደት አያድንም።

ዛሬ ከ18 ማዞሪያ ስመለስ ማስኬ አልበቃኝ ብሎ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ተከናንቤ ነው ታክሲ የገባሁት። ረዳቱ እንኳን አዝኖልኝ «እህት፣ ለቅሶ ላይ ነበርሽ እንዴ?» አለኝ።

ከክርስትና ነው የምመጣው ብለው ያምነኛል?

ይህን ፖስት የምጽፈው ወድጄ አይደለም። ቪዲዮ አለ! አሁን እናንተ ይህን በምታነቡበት ሰዓት የቤተሰባችን ግሩፕ ውስጥ እየዞረ ነው። አንዱ ያጎቴ ልጅማ ሙዚቃ ሊጨምርበት እየታገለ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ነገ እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት ከራሴ ከባለጉዳይዋ ስሙት ብዬ ነው።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

እትዬ ዘርፌ አክስቴ ናቸው። አክስቴ ስላችሁ ለበዓል ብቻ የሚጠየቁ አክስት እንዳይመስሏችሁ። እናቴ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ያበሉኝ፣ ያስተማሩኝ፣ የቀጡኝ፣ ጉልበታቸው መሃል ወትፈው ፀጉሬን የጎነጎኑኝ እሳቸው ናቸው። ዘነበወርቅ ያለው ቤታቸው ቤቴ ነው።

እና ከእኚህ ሴትዮ ጋር አምስት ወር ሙሉ ተኳርፈናል።

በምን? በክርን!

ነገሩ የሆነው ፋሲካ ዕለት ነው። በሽታው አገር ውስጥ የገባ ሰሞን። እንደምታውቁት እኔ አየር ጤና ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ያኔ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስል ሰው ፊቴ ሲደረደር ይውላል። በራችን ላይ ገመድ ወጥረናል፣ «ሳኒታይዘር አልቋል» ብለን በትልቁ ጽፈናል። ሰዉ ግን ገመዱ ላይ በሆዱ ተደግፎ «ለኔ ደብቀሽ ያስቀመጥሽው የለም?» ይለኛል። ቤቴ ስገባ ጫማዬ በረንዳ ላይ ይቀራል፣ ልብሴ ቀጥታ ባኞ ቤት ይገባል። ራሴን በራሴ እፈራ ነበር ብላችሁ ነው የሚሻለው።

እትዬ ዘርፌ ደግሞ አስም አለባቸው።

ስለዚህ የፋሲካ ጠዋት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «እንኳን አደረሰሽ የኔ ልጅ» እያሉ ጉንጬን ሊስሙኝ ሲመጡ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁና ክርኔን አቀበልኳቸው።

ጎረቤት ሁሉ ቆሞ እያየ!

እትዬ ዘርፌ ክርኔን አዩት። እኔን አዩኝ። ደግመው ክርኔን አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ክርን ነው እትዬ፣ አሁን ሰላምታ እንዲህ ሆኗል» አልኩ እየሳቅኩ። እየሳቅኩ! ያቺን ሳቅ መልሼ ብውጣት ደስታዬ ነበር።

«አጥቤ ያሳደግኩትን ክርን መልሰሽ ለኔ?» አሉና ገብተው በሩን ዘጉት።

በቃ! ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሱም። ልጠይቃቸው ስሄድ መኝታ ቤት ይገቡና በዚያው ይቀራሉ። ለሰፈሩ ሁሉ «ተጸየፈችኝ» ብለው ተናግረዋል። ከሁሉ ነገር አንጀቴን የበላኝ ይሄ ቃል ነው።

ግን ኩርፊያቸውን እዩልኝ እስቲ! በየሁለት ሳምንቱ በልጃቸው በሐና በኩል ሽሮ፣ በርበሬ፣ የተነጠረ ቅቤ ይልኩልኛል። ሰላምታ የለውም፣ «እንዴት ነሽ» የለውም። መልእክቱ አንድ ነው፦ «ለባለ ክርኗ ስጫት።»

ስሜ ጠፋ እኮ! ዘነበወርቅ ውስጥ ሰብለ የምትባል ሴት የለችም። ያለችው ባለ ክርኗ ናት።

«ለምን ቁጭ ብለሽ አላስረዳሻቸውም?» ትሉኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ! አንድ ቀን መኝታ ቤታቸው በር ላይ ቆሜ ስለ ቫይረሱ፣ ስለ ምራቅ ነጠብጣብ፣ ስለ ሁለት ሜትር ርቀት፣ ሥልጠና ላይ የሰማሁትን አንድ ሳላስቀር ሌክቸር ሰጠኋቸው። ሃያ ደቂቃ!

ከውስጥ «ጨረስሽ?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ።»

«የውጪውን በር ዘግተሽ ሂጂ።»

እንግዲህ ባለፈው ሰሞን ሐና ደወለችልኝ። ሐና ወልዳለች፣ ወንድ ልጅ፣ አርባ ቀኑ ደርሷል። «ቅዳሜ ክርስትና ነው፣ ብዙ ሰው አልጠራንም፣ እማዬ ግን አለች። ሰኞ ደግሞ ጎጃም ወንድሟ ጋ ልትሄድ ነው። ‹በሽታው እስኪያልፍ አልመለስም› ብላለች» አለችኝ።

በሽታው እስኪያልፍ! መቼ ሊያልፍ ነው? ማን ያውቃል? እንደተኳረፍን ሄደው፣ እዚያ ሆነው አንድ ነገር ቢሆኑስ? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አልዋሻችሁም።

ሐና ግን ፕላን ነበራት። «ስሚ፣ ሌክቸር የለም። ግቢ፣ እግሯ ላይ ውደቂ፣ ጉልበቷን ሳሚ፣ ይቅር በይኝ በይ። ሌላ ወሬ እንዳትጨምሪ!»

ሦስት ቀን ሙሉ ፕራክቲስ አደረግኩ። ቤቴ ውስጥ በሶፋው ፊት እየተንበረከኩ። ሶፋው ይቅር ብሎኛል።

ችግሩ ማስኩ ነበር። ጉልበት ሲሳም ማስክ ይወርዳል ወይስ አይወርድም? ፋርማሲ አብራኝ የምትሠራውን ልጅ በቁም ነገር ጠየቅኳት። በቁም ነገር አሰበችና «ከነማስኩ ሳሚ፣ ድምፁን ግን ጨምሪበት» አለችኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ እየደረስን ነው።

በቀን ሃምሳ ሰው «ሽቦውን አፍንጫችሁ ላይ ጫን አድርጉት» እያልኩ የማስተምር ሴት፣ ዛሬ ሽቦ የሌለው ማስክ አድርጌ ወጣሁ። ለምን? ልብስ ሰፊዬ ከሀበሻ ቀሚሴ ጥለት በተረፈችው ቁራጭ ማስክ ሰፍቶልኝ ነበራ! ከቀሚሱ ጋር ቁርጥ! አረንጓዴና ወርቃማ! እሱን ትቼ ያንን የሱቅ ሰማያዊ ላድርግ?

ከሥሩ ደግሞ ቀይ ሊፕስቲክ። ከስንት ወር በኋላ። ማን ሊያየው እንደሆነ አትጠይቁኝ።

መነጽር የምታደርጉ ሰዎች ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። ገና ከታክሲ ስወርድ መነጽሬ ጉም ለበሰ። እጠርገዋለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ ተመልሶ ጉም። ባወልቀው ደግሞ የታክሲ ታፔላ እንኳን ማንበብ የማልችል ሰው ነኝ። እንዲሁ በጭጋግ ውስጥ እየዳበስኩ ሐና ቤት ደረስኩ።

በር ላይ ባለ ቧንቧ ባልዲና ሳሙና ተቀምጧል። ታጠብኩ። የሐና ባል የሳኒታይዘር ጠርሙስ ይዞ ቆሟል፣ እጄን ረጨ፣ ቦርሳዬን ረጨ፣ ለልጁ የያዝኩትን ስጦታ ረጨ፣ ሊመርቀኝ የተዘጋጀ ካህን ነበር የሚመስለው። ሐና ከኩሽና በር አንገቷን አውጥታ «ከዛፉ ሥር! ሁለተኛው ወንበር!» ብላ በሹክሹክታ ጮኸችብኝ።

በጭጋጌ ውስጥ ግቢውን አየሁት። ነጭ ፕላስቲክ ወንበሮች፣ ተራርቀው። ነጭ ነጠላ። ሰማያዊ ማስክ። ነጭ ነጠላ። ሰማያዊ ማስክ። ሁሉም እትዬ ዘርፌ ናቸው!

ቢሆንም ዛፉን አገኘሁት። አንድ፣ ሁለት። ሁለተኛው ወንበር ላይ አንዲት ደልደል ያሉ እናት፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል።



ዘው ብዬ ሄጄ እግራቸው ሥር ተደፋሁ። ሁለት ጉልበታቸውን አቅፌ፣ ከነማስኬ፣ ድምፅ ጨምሬ ሳምኩ። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ሐና ነግራኝ ነበር! ግን አምስት ወር የታፈነ ነገር እንዴት ይቁም?

«እትዬ፣ ተጸይፌዎት አይደለም። በእናቴ አፅም! ፈርቼ ነው። ከዚያ ፋርማሲ ይዤው በመጣሁት በሽታ እርስዎ ቢሞቱብኝ ሌላ እናት ከየት አመጣለሁ? አንዷን በስድስት ዓመቴ ቀብሬያለሁ። እርስዎን ከቀበርኩ ማን አለኝ? በየቀኑ ከሥራ ስወጣ በቤትዎ በኩል ነው የማልፈው። መስኮትዎ ተከፍቶ ካየሁ ደህና ናቸው ብዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ካልተከፈተ ሐና ጋ ደውዬ አሳብዳታለሁ። ምነው ያኔ ክርኔን ቆርጠው በጣሉት!»

ማልቀስ ጀመርኩ። ሲጀመር ደግሞ ሁሉም ነገር አብሮ ነው የሚወጣው።

«ደግሞ… ያ የጠፋብዎት ትልቁ ድስት እኔ ጋ ነው። የላኩልኝን ሽሮ አሳርሬበት፣ አልለቅ ቢለኝ አልጋ ሥር ደብቄዋለሁ።»



ከዚያ ሁለት ከባድ እጆች ራሴ ላይ አረፉ። «ይቅር ለእግዚአብሔር! ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ፣ ከልቤ ይቅር ብዬሻለሁ» አሉኝ። ድምፃቸው ወፈር ያለ መሰለኝ፣ በማስኩ ነው ብዬ አለፍኩት። «ውለጂ ክበጂ። የነካሽው ይባረክ። ከዚህ ክፉ በሽታ ይሰውርሽ። ያሰብሽውን ይሙላልሽ። ደጅሽ አይዘጋ።»

«አሜን! አሜን! አሜን!» እላለሁ እኔ። ሴቶቹ ሁሉ «አሜን» ይላሉ። እንዴት ያለ ምርቃት! አምስት ወር የተቆለለው ሸክም ከትከሻዬ ሲወርድ ይታወቀኛል። በሕይወቴ እንደዚህ ቀልሎኝ አያውቅም።

ምርቃቱን ጨረሱ። ጎንበስ አሉ። በፍቅር አገጬን ቀና አደረጉና እንዲህ አሉኝ።

«ግን ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

እ?

እና ከግራ በኩል፣ በትክክል ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ካለው ወንበር፣ በአምስት ወር ውስጥ ከበር ጀርባ አንዴ ብቻ የሰማሁት ድምፅ መጣ።

«ድስቴ አንቺ ጋ ነው እንዴ?»

ወገኖቼ፣ መሬት ተከፍቶ ይዋጠኝ የሚባለውን ነገር፣ እኔ ዛሬ በቀጠሮ ነው የጠበቅኩት።

መነጽሬን አውልቄ በነጠላዬ ጠረግኩት። መልሼ አደረግኩት። ትንፋሼን ያዝኩ። ፊት ለፊቴ በዘመኔ አይቻቸው የማላውቃቸው ሴትዮ ናቸው! እማማ ጥሩዬ ይባላሉ፣ የሐና ባል አክስት፣ ለክርስትናው ትናንት ከደብረ ብርሃን የመጡ። እትዬ ዘርፌ እንግዳዋን ፀሐይ ሲመታቸው አይተው የዛፉን ጥላ ለቀውላቸው፣ እሳቸው አንድ ወንበር ፈቀቅ ብለዋል።

አንድ ወንበር!

«እማማ፣ ካላወቁኝ ታዲያ ለምን ይቅር አሉኝ?» አልኳቸው፣ አሁንም እንደተንበረከኩ።

እማማ ጥሩዬ ተገረሙብኝ። «ሰው እግሬ ላይ ወድቆ እያለቀሰ መታወቂያሽን አሳዪኝ ልበል? መጀመሪያ ይቅር ይባላል፣ የማን ልጅነቱ ኋላ ይጠየቃል።»

እንባዬን ልጠርግ ማስኬን ዝቅ አደረግኩ። ባላደርገው ይሻል ነበር። ያ ቀይ ሊፕስቲክ በለቅሶውና በጉልበት መሳሙ ከአገጬ እስከ አፍንጫዬ ተለቅልቆ ኖሯል። መጀመሪያ አንዷ በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ግቢው በሙሉ። የሐና ባል ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀምጦ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ። ሲስቁ ማስካቸው እየተነፋ ሲመለስ ይታያል፣ አሁን ሳስበው እኔም ያስቀኛል፣ ያኔ ግን አልሳቅኩም።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቁም።

እትዬ ዘርፌ ትክ ብለው ያዩኛል። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«በመስኮቴ በኩል ታልፊያለሽ?»

«አዎ እትዬ።»

«በየቀኑ?»

«ከእሑድ በቀር። እሑድ ሥራ የለኝም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር እኮ! በር ላይ ቆሜ…»

«ያን ቀን የነገርሽኝ ስለ ምራቅ ነው» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «ስለ ሜትር ነው የነገርሽኝ። ‹ቢሞቱብኝ ብዬ ፈራሁ› አላልሽኝም። እሱን ብትይኝ ኖሮ አምስት ወር ሙሉ መኝታ ቤት ለመኝታ ቤት እሸሽ ነበር?»

ልክ ነበሩ።

ከወንበራቸው ተነሡ። አለቀ፣ ሊሄዱ ነው አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ገፉ። የቀሚሳቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። እና ክርናቸውን አወጡልኝ!

«ነይ እንግዲህ። ሰላምታው እንዲህ ከሆነ።»

ማስኬን መልሼ አደረግኩና ሄድኩ። ክርኔን በክርናቸው ነካሁት። ከዚያ አልቻልኩም፣ ጎንበስ ብዬ ያንን ክርን ከነማስኬ ሳምኩት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እትዬ ዘርፌ በመጨረሻ ሳቁ። የእሳቸውን ሳቅ ታውቁታላችሁ? አታውቁትም። ትከሻቸው ነው መጀመሪያ የሚስቀው። ናፍቆኝ ነበር።

«አይ ባለ ክርኗ!» አሉኝ። «ሰኞ መናኸሪያ የምታደርሺኝ አንቺ ነሽ። ድስቴን ይዘሽ ነይ፣ ንጹሕ አድርገሽ።»

እሱ ብቻ መሰላችሁ? ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በክርን ተሰላለመ። እማማ ጥሩዬ በክርን ሰላምታ ሲለማመዱ አንዱን እንግዳ ደረቱን መትተው አሳሳሉት። የቀረብኝ ነገር የለም፣ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ሕፃኑን ከሩቅ መረቅኩ። በር ላይ ስደርስ ግን የሐና ባል «እህት፣ መታወቂያሽን አሳዪኝ» ብሎ መንገድ ዘጋብኝ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ የተከናነብኩት ያኔ ነው።

አሁን ወደ ቪዲዮው። ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ላይ ሆኜ አሥር ጊዜ ሳላየው አልቀረሁም። መጀመሪያ ያየሁት ራሴን ብቻ ነበር፣ እግር አቅፌ ስንሰቀሰቅ። አምስተኛው ላይ ግን ጥግ ላይ ያለውን አየሁ።

ገና «እትዬ» ከማለቴ ሐና ከኩሽና እየሮጠች ትወጣለች። እጇን እያወዛወዘች፣ ልታስቆመኝ! ግራ በኩል እትዬ ዘርፌ ተቀምጠዋል። አንድ እጃቸውን አንስተው ሐናን ባለችበት ያቆሟታል። የሌላኛውን እጃቸውን ጣት ማስካቸው ላይ ያደርጋሉ። ዝም በይ! ትናገር!

ከዚያ ቀስ ብለው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ። ስለ መስኮቱ እያወራሁ ነው።

ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ያውቁ ነበር። የሰው ጉልበት ይዤ ስቀልጥ ዝም ብለው ሰሙኝ። እሳቸው ፊት ሆኜ ቢሆን ኖሮ እኔ ልማደኛዋ ስለ ምራቅ መጀመሬ አይቀርም ነበር።

ስለዚህ የዛሬው ትምህርት፦ ይቅርታ ልትጠይቁ ስትሄዱ መጀመሪያ መነጽራችሁን ጥረጉ።

ወይም አትጥረጉ፣ እኔ ምን አውቃለሁ!

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። ሰኞ ከነገ ወዲያ ናት፣ ድስቱን ከአልጋ ሥር አውጥቼ እያየሁት ነው፣ ሽሮው ድንጋይ ሆኗል። እናንተ ሙያ ያላችሁ እህቶቼ፣ ሁለት ወር የከረመ ያረረ ሽሮ በምንድን ነው የሚለቀው? ወይስ እሱንም ጉልበቱን ልሳመው?